የሰሃን ዕዳ

ደባርቅ ላይ ሊጥ ብርድ ይመታዋል። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ማታ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ለሰው ያልራራ ለሊጥ አይራራም። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ ሊጥ እንደ አራስ ይያዛል። ቡሃቃው ከምድጃው ጥግ ይቀመጣል፣ ነጠላ ይለብሳል፣ በላዩ ጋቢ ይደረብለታል፣ ሌሊቱ የጠና እንደሆነም የበግ ጠጉር ባና ይጨመርለታል። በር ከፍቶ የቆመ ሰው «ኧረ ዝጋው፣ ሊጡን!» ይባላል እንጂ «ልጆቹን» የሚል የለም። እኛ በተረፈው ልብስ ተጠቅልለን እንተኛለን። ባናው ለማን ይገባል የሚል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

አያቴ እማሆይ ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ በዚያው ሊጡን ዳበስ ያደርጉታል። ጣታቸውን ሰደድ አድርገው ያወጡና ጉድጓዱ እንዴት እንደሚሞላ በኩራዝ ያያሉ። ቶሎ ከሞላ ገና ነው፤ እያቅማማ ከሞላ ደርሷል። ደርሶ ሲያገኙት «ተመስገን» ብለው ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ። ካልደረሰ ዳዊቱ ይቆያል፣ ምድጃው ይቆሰቆሳል፣ እናቴ ትቀሰቀሳለች፣ እርሾውን የሰጠችው ጎረቤት ስም ይነሣል። በእኛ ሰፈር እርሾ ሰጪ መሆን ቀላል ኃላፊነት አይደለም። ዳቦው ኩፍ ካለ እጇ ይመረቃል፤ ካላለ እስከ ከርሞ «የእሷ እርሾ» እየተባለ ይወራል።

ዱቄቱም ቢሆን ሀገሩን ይናገራል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲወረድ መጀመሪያ ዳባት፣ ቀጥሎ አምባ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። ይህ የወገራ ምድር ስንዴውም ገብሱም የሚያምርበት ነው። ወደ ተራራው በኩል ሲወጣ ግን ስንዴው እየሳሳ ይሄድና ገብስ ብቻውን ይቀራል፤ ግጭ በሚባለው መንደር፣ ከ3,500 ሜትር በላይ እንኳ፣ ገብስ ይዘራ ነበር። ስለዚህ የዳባቷ አክስቴ ዳቦ ነጣ ብሎ ይመጣል፣ የተራራው ዘመዶቻችን ጠቆር ብሎ ይመጣል፣ እናቴ ሁለቱን ትደባልቃለች። «ስንዴው ለመልኩ፣ ገብሱ ለጉልበቱ» ትላለች። መልክና ጉልበት አንድ ላይ ማግኘት በዳቦም በባልም ከባድ እንደሆነ የምታክለው አባቴ በሌለበት ነው።

የፊዚክስ መምህር እንደሚነግረን በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 90 ገደማ ሲሆን ይፈላል። ሳይንሱ ይኸው ነው፤ ትርጉሙ ግን ለገና የታረደው አውራ ዶሮ ደባርቅ ላይ እንደ ቆላው ቶሎ አይበስልም ማለት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሌሊት 9 ሰዓት ተመልሶ ድስቱን ከቦ ይቀመጣል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ዶሮው ግን ሐሳቡን አልለወጠም። በዚያች አስጨናቂ ሰዓት ቤቱን ከጠብ የሚያድነው ዳቦ ነው። «እስኪ ዳቦውን እንቁረሰው» ይባላል፤ አባቴ ተነሥቶ ይባርካል፣ ቢላዋው ይገባል፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤቱን ሲሞላው የዶሮው ጉዳይ ለጊዜው ይረሳል።

ድፎ እንግዲህ የትልቁ በዓል ነው። የእኔ ልብ ግን ከሙልሙል ጋር ነው።

ሙልሙል የቡሄ ነው። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13፣ የፍልሰታ ጾም መካከል ስለሆነ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። ታሪኩን ሁላችንም እንደሰማነው፣ በደብረ ታቦር ብርሃን በወረደ ጊዜ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ ውጭ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። ደባርቅ ላይ ታሪኩ ትንሽ ይቸግራል። ነሐሴ ላይ ጉሙ ወርዶ ደጃፍ ላይ ስለሚተኛ እንኳን የሌሊቱ ብርሃን የቀኑም አይታይም። ቡሄ ካለፈ ክረምት አለፈ የሚሉም አሉ፤ እነሱ ሊማሊሞ ገደል ጫፍ ቆመው አያውቁም።

ዋናው ፈተና ሌላ ነው። ነሐሴ የጎተራው ወለል የሚታይበት ወር ነው። አዲሱ ገብስ ገና እሸት ነው፤ አሮጌው በቁና ሳይሆን በጭብጥ ነው የሚለካው። እንጨቱ ርሷል፤ በበጋ ተጠፍጥፎ ጓዳ የተደረደረው ኩበት ብቻ ነው የሚታመነው። በዚህ ሁሉ ላይ የሰፈሩ ወንድ ልጅ በሙሉ ጅራፉን እያጮኸ፣ በዱላው መሬት እየወቃ፣ ሆያ ሆዬውን እያወረደ ደጅ ይመጣል። ዓመቱ ሲትረፈረፍ አይመጡም፤ ሲነጥፍ ይመጣሉ። ሥርዓቱን ያወጣው ሰው የሴት ልጅን ብልሃት ሊፈትን ሳይፈልግ አልቀረም።

እናቴ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና ነበረባት። አባቴ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ስለሆነ የሰፈሩን ግማሽ ክርስትና አንሥቷል፤ ለየክርስትና ልጁ በቡሄ ሙልሙል መስጠት ደግሞ ግዴታ ነው። «አንተ ክርስትና ታነሣለህ፣ እኔ ቡኮ አነሣለሁ» ትለው ነበር። እሱ መልስ የለውም፤ ጅራፍ ይገምዳል። ጅራፍ መግመድ ሲጀምር ከዳቦው ሥራ መውጣቱን ማሳወቁ ነበር።

ሙልሙሉ ሲሠራ ማየት ነው። እናቴ ከቡኮው እፍኝ ትቆርጥና በመዳፏ መካከል ታድቦለቡለዋለች፤ ጫፍና ጫፉን ሾል፣ መሐሉን ወፈር ታደርገዋለች። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ምጣዱ ላይ ትደረድርና አክንባሎውን ትደፋበታለች። የአክንባሎው ከንፈር ከምጣዱ ጋር ያልገጠመበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ትሞላዋለች፤ በዚያች ቀዳዳ በኩል የሚያመልጠው እንፋሎት ሽታውን ሲለውጥ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ የጥሬ ሊጥ፣ ቀጥሎ የተቀቀለ ቅጠል፣ በመጨረሻ የዳቦ ሽታ። ሰዓት አይታይም። ሲወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ ይላጣል፣ የቅጠሉ ደም ሥር ግን ዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ይቀራል። እኛ የመጀመሪያውን ለማግኘት እንሻማለን፤ የመጀመሪያው ግን ለእማሆይ ነው፤ እማሆይ ደግሞ ጾመኛ ስለሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነኩትም። ስለዚህ ትኩሱ ዳቦ ሌማቱ ላይ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ ቤተሰቡ በሙሉ ያየዋል። ጾም የሚባለው ይህ እንደሆነ ያመንኩት ያኔ ነው።

ዛሬ ዛሬ ልጆቹ ሙልሙሉን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው ያዩታል፣ ከሥር ብር ተለጥፎበት እንደሆነ። ለጊዜው በጨዋነት ነው የሚያዩት፤ «ቴሌ ብር የለዎትም?» ሊሉ ግን ብዙ አልቀራቸውም።

ስለ ዳቦ ብዙ የማወራው ሌላው የበዓል ምግብ ጠፍቶብኝ አይደለም። ዶሮውም በጉም አለ። ሥጋ ግን ዘመድ ይመርጣል። በጾም ቀን አይሄድም፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላውም፤ ሩቅ መንገድ አይችልም። ዳቦ የማይገባበት ደጅ የለም። ከግጭ ተነሥተው በ2008 ዓ.ም. ገደማ ደባርቅ የሰፈሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። መንደራቸው የነበረበት ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው፤ ሣሩ ለዋልያውና ለጭላዳው እንዲተርፍ ሲባል ሰዎቹ ወረዱ። ገብሳቸውን እላይ ትተው መጥተው ከተማ ውስጥ ዱቄት በኪሎ መግዛት ጀመሩ። በኢድ ቀን የእነሱ ዳቦና ቆሎ ወደ ክርስቲያኑ ቤት፣ በገና የክርስቲያኑ ወደ እነሱ ቤት ይሄዳል። ሥጋው እየራሱ ደጅ ይቀራል፤ የሚቀየምም የለም።

ዳቦ ከዚህም አልፎ ባሕር ተሻግሯል። በወገራና በሰሜን ተራሮች ሥር ቤተ እስራኤል ብዙ ዘመን ኖረዋል። በሰንበት እሳት ስለማይነድ የሰንበቱ ዳቦ የሚጋገረው ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዳቦ ሽታ የሚመጣው ከእነሱ መንደር ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። በ1977ም በ1983 ዓ.ምም ወደ እስራኤል ሲሄዱ ምጣዱን ይዘው መሄድ አልቻሉም፤ ዓርቡን ግን ይዘው ሄዱ። ዛሬም እዚያ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋገራል፣ ስሙም ዳቦ ነው።

ኮረፌ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዳቦ ወደ ሰው ይሄዳል፤ ኮረፌ ሰውን ወደ ራሱ ያመጣል። ከወገራ እስከ ደባርቅ የታወቀ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ከጌሾው ጋር ይጠነሰሳል፤ ድፍድፉ በጋን ይቆይና ሲፈለግ ተቀንሶ፣ ውሃ ተጨምሮበት፣ ሲነሣ ይጠጣል። አረፋው ከጽዋው በላይ ይቆማል። አዲስ እንግዳ መጀመሪያ እፍ ይለዋል፣ ቀጥሎ አፍንጫው ላይ ይቀርበታል፣ ሦስተኛው ላይ ስለ አፍንጫው መጨነቁን ይተዋል። ወደ ተራራው የሚወጡ ፈረንጆች አስጎብኚዎቻቸውን «ይህ ቢራ ነው ወይስ ምግብ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ እንደ ሰዓቱ ነው።

አሁን ወደ ሰሃኑ እንምጣ። በእኛ ሀገር ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ዳቦ ልካ ከሆነ ሰሃኗ ታጥቦ፣ አንድ ነገር ተደርጎበት ነው የሚመለሰው፤ ቆሎም ይሁን፣ ሎሚም ይሁን፣ ከቆላ በሊማሊሞ የመጣ ሰሊጥም ይሁን። ችግሩ ጎረቤትም የተመለሰላትን ቆሎ እንደ አዲስ ስጦታ ትቆጥረዋለች፤ እናም በሚቀጥለው በዓል በሌላ ሰሃን ትመልሳለች። ስለዚህ ዕዳው ተከፍሎ አያልቅም። እናቴ ከማዶ ቤቷ ወይዘሮ ጋር እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ሂሳብ አላት፤ ማን ማንን እንደሚበድር ሁለቱም አያውቁትም፣ ሁለቱም ግን ራሳቸውን ባለዕዳ ያደርጋሉ።

ሰሃኖቹ አበባ የተሣለባቸው፣ ጠርዛቸው ተፈልቅቆ የጠቆረ የብረት ሰሃኖች ናቸው። ሁሉም ከአንድ ገበያ ስለተገዙ ይመሳሰላሉ፤ ባለቤቱ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። የእኛ ከሥሩ ሁለት ነጥብ ቀይ የጥፍር ቀለም አለው። የማዶዋ አንድ ነጥብ ነው። አንድ ጊዜ አንዷ ነጥብ ታጥባ ጠፍታ እናቴ ሰሃኑን በዓይኗ እያየች ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልረሳውም፤ «የኔ ነው» እንዳትል ነውር፣ እንዳትተወው ደግሞ ከስድስቱ ሰሃኖቿ አንዱ ነው። በመጨረሻ በሙልሙል ሞልታ መልሳ ላከችላት። በደግነት ተሸነፍኩ ከማለት ሰሃን መክሰር ይሻላል።

ሰሃን የሚያዞር ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው የሕዝብ ጥናት አለ። ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ሀገር እንደለቀቀ ይመዘግባሉ። ትልቅ ሥራ ነው። የዳባቷ አክስቴ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ይህንኑ ቆጠራ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። የወለደችው ቤት ዳቦው ወፍራም ይሄዳል፣ ኀዘን ያለበት ቤት ሳይዘገይ ይሄዳል፣ ባልና ሚስት የተኳረፉበት ቤት ሁለት ሰሃን ይሄዳል። መዝጋቢዎቹም ቤቷ ሲደርሱ መጀመሪያ ዳቦ ይቀርብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ መልስ ያገኛል፣ ያልጠየቁትም ጭምር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሊማሊሞ ማዶ ደርሶ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለው ሰው ደባርቅ ሲገባ ቡሄ ደርሶ ነበር። የዚያ ዓመት ሙልሙል ከእኛ ቤት በሰሃን አልወጣም፤ በማዳበሪያ ተሞልቶ ሰዉ ወዳደረበት ትምህርት ቤት ሄደ። ቀይ ነጥብ የፈለገ አልነበረም።

ለሩቅ ዘመድ ደግሞ አውቶቡስ አለ። አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳቦው በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በላዩ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ለረዳቱ ይሰጣል። ረዳቱ የራሱ አንድ ሙልሙል በእጁ ካልተሰጠው ካርቶኑ «ይጨመቃል»። ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ የረዳቱ ሙልሙል በጀት ውስጥ ገብቷል። ካርቶኑ ጎኑ ጎብጦ ሲደርስ እዚያ የሚማሩት ልጆቻችን ዶርም ውስጥ ከበው ይቆርሱታል። በነገራችን ላይ እዚሁ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከደቡብም ከምሥራቅም የመጡ ልጆች በገና ቀን ቤታቸው መሄድ ሲያቅታቸው አከራዮቻቸው ዳቦ ይዘው ያንኳኩባቸዋል። የእናቶች ሥሌት ግልጽ ነው፤ የእኔ ልጅ እዚያ የሰው ዳቦ እየበላ ከሆነ የሰው ልጅ እዚህ የእኔን ይብላ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ገና እናቴን በቪዲዮ ደውላ ድፎ ልትደፋ እንደሆነ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ውሃው ስንት ሊትር ነው?»

«እጅሽ ይነግርሻል።»

«እጄ ምንም አልነገረኝም እኮ።»

«አኩርፎሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አላቦካሽም።»

ኮባ ስላልነበረ የሙዝ ቅጠል በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የሚሸጥበት ሱቅ አግኝታለች፤ እሱንም አልፋ በአሉሚኒየም ፎይል አልብሳዋለች። እናቴ ስልኩን አቅርባ አይታ «ምነው፣ ዳቦውን ገነዝሽው?» አለች። ጥቂት ቆይቶ ቅጠሉ ጠርዙ ላይ መጨስ ሲጀምር ከልጅቷ ቤት ኮርኒስ ላይ አንድ ነገር ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይጮህ ጀመር።

«ምንድን ነው እሱ? ማን ነው የሚጮኸው?»

«ጢስ ሲያይ የሚጮህ መሣሪያ ነው፣ እትዬ። ቤት ሁሉ አለ።»

እናቴ ቀና ብላ ጥላሸት የተንዠረገገበትን የጓዳችንን ጣራ አየች። «እኛ ቤት ቢሆን ከተወለደ ጀምሮ ሲያለቅስ ይኖር ነበር» አለች።

ዳቦው ግን ወጣ። አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ቢሆንም መሐሉ በስሏል። እናቴ በስልኩ ውስጥ ባረከችውና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ለጎረቤትሽ ላክሽለት?»

«ኧረ እትዬ፣ ጎረቤቴን አላውቀውም። ሰላም እንኳ ተባብለን አናውቅም።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ ነው ይህን የሚያህል የደፋሽው?»

ልጅቷ ተሸነፈች። ሩቡን ቆርጣ፣ ሰሃን ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን በር አንኳኳች። አንድ ሸበቶ ሰው ከፍቶ ደንግጦ ተቀበላት፤ ዋጋው ስንት እንደሆነም ጠየቃት አሉ። በሳምንቱ ስትደውል ወሬውን ለመስማት ሁላችንም ስልኩ ዙሪያ ነበርን። ሰውዬው ዳቦውን በጣም እንደወደደው፣ ደጇ ድረስ መጥቶ እንዳመሰገናት፣ ሰሃኑንም አጥቦ፣ አድርቆ፣ አብረቅርቆ እንደመለሰላት ነገረችን።

«ምን አድርጎበት?» አለች እናቴ።

«ምንም። ባዶውን ነው የመለሰው።»

እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «ባዶውን? ውይ ልጄን! እናት የለውም እንዴ?»